የባለቤትዎ ስም ማን ነው?

ስለ ራሴ አስቀድሜ ልናገር፤ ለሌላ ሰው ከተውኩት ያሳንሰዋል። መርሳ ከተማ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከአርባ ዓመት በላይ የመኪና ኤሌክትሪክ የሠራሁ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ስኳር በሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ፣ ባለ ሱቁን በቀን አንድ ፊደል እያስነገርኩ። እንግሊዝኛውን ደግሞ ከባትሪ ካርቶንና ከመኪና መመሪያ ለቅሜዋለሁ። ሞተሪኖው አልነሳ ያለ የጭነት መኪና ከውርጌሳ ተጎትቶ ሲመጣ፣ ሾፌሩ ሻዩን ሳይጨርስ ጉድለቱን በጆሮዬ ብቻ አገኘው ነበር። ባጃጅ መጀመሪያ ወደ አገራችን ሲገባ ሌሎቹ መካኒኮች ዙሪያውን እየዞሩ ሲያዩት፣ እኔ በሦስት ቀን ፈትቼ ገጠምኩት። አንድ ብሎን ተረፈኝ፤ ባጃጁ ግን ያለ እሱም ይሄድ ነበር። ከተማው «ኢንጂነር» ይለኛል። አልከለከልኩም።

ይህን ያስቀደምኩት አንባቢ ከማን ጋር እንደሚነጋገር እንዲያውቅ ነው። የማወራው ስለ ነርሶች ትምህርት ነውና፣ ስለ ትምህርት ለመናገር መብት ያለኝ መሆኑ መታወቅ አለበት።

በመኸር ወራት አንድ ጠዋት ባለቤቴ ስትቆጣኝ ቃሏ ተጣመመ። ስለምን እንደተቆጣችኝ አሁን አላስታውስም፤ ጥፋቱ የኔ እንደነበር ግን እርግጠኛ ነኝ። ከንፈሯ ወደ ቀኝ ሸሸ፣ የነጠላዋ ጫፍ ከግራ እጇ ወደቀ፣ ልታነሣው ስትጎነበስ እግሯም ከዳት።

«ምች ነው! ምች ነው!» አለች ጎረቤታችን፤ ዳማከሴ ልትቀጥፍ ሮጠች።

«የአንድ በኩል መብራት ብቻ ሲጠፋ ምች አይባልም» አልኩ። «መስመር ተቋርጧል።»

ልክ ነበርኩ። ልክ መሆኔን ለተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ እስካስረዳ ድረስ ግን ግማሽ ሰዓት ሄደ። በኋላ በስንት ሰዓት እንደጀመራት ስጠየቅ ያቺን ግማሽ ሰዓት አሳንሼ ነው የነገርኩት። ከዚያ ሚኒባስ አስቁመን ወልድያ ገባን።

ከከተማው ሕክምና ቤቶች አንዱ ተቀበለን፤ ስሙን ማንሳት አያስፈልግም። ሐኪሙ የጭንቅላቷን ምስል አይቶ «ስትሮክ ነው፤ በአንጎላቸው ቀኝ በኩል ደም የሚያደርስ ቧንቧ ተዘግቷል» አለኝ። አራት አልጋ ያላት ክፍል ውስጥ አስተኟት። ክፍሏ «ነርቭ ክፍል» ትባላለች፤ ይህ ስም ደግሞ በከተማው ዘንድ ጣጣ አለው። በማግስቱ ብርድ ልብስ ይዤ ስመለስ የባጃጅ ነጂው፣

«ወዴት ነው አባባ?» አለኝ።

«ሐኪም ቤት። ነርቭ ክፍል።»

በመስታወቱ አየኝ። «ማን ነው ነርቭ ያለበት? ይማታል?»

«ባለቤቴ ናት። አትማታም፤ ተኝታለች።»

«አይ አባባ፣ እዚያ ነርቭ ያለባቸው ነርሶቹ ናቸው። እኔን ባለፈው አንዷ ጮኻብኝ ጆሮዬ እስካሁን ያፏጫል።»

ያቺን የጮኸችበትን ነርስ ሳላውቃት አልቀረሁም። የክፍሏ ኃላፊ ናት፤ የጎረቤታችን የግራና ከተማ ልጅ፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። ቀጭን ናት፣ ድምጿ ግን የአይሱዙ ጥሩምባ ነው። አዲስ አበባ ሄዳ አንጎሉን፣ ኅብለ ሰረሰሩን ወይም ነርቩን የታመመ ሰው እንዴት እንደሚጠበቅ ወራት ሙሉ ተምራለች። ስትመለስ የተማረችውን ለባልደረቦቿ እንድታካፍል አደራ ተሰጣት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ የጠዋቱ ፈረቃ ሲያበቃ፣ ስድስት ነርሶች ወደዚያች ክፍል እየመጡ በበሽተኞቹ አልጋ መካከል ቆመው ይማራሉ። ሥልጠናው የሙያ ፈቃዳቸውን ሲያሳድሱ ይቆጠርላቸዋል።

«እኔ የመጣሁት ለምስክር ወረቀቱ ነው» አለ በመጀመሪያው ቀን ረጅሙ ወጣት ነርስ፣ ዳቦ እያኘከ።

«ዳቦውንም የምትበላው ለምስክር ወረቀቱ ነው?» አለችው ሲስተር። «ዋጠውና ና፤ የእማማን ዓይን በባትሪ እያቸው። ብሌናቸው ሁለቱም እኩል ይጠባል ወይ?»

እኔ ሌላውን ሰው በቀላሉ አላደንቅም። እነዚያን ልጆች ግን አደነቅኳቸው። ሌሊቱን ሙሉ ሠርተው የመጡ ነበሩባቸው፤ አንዲቱ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ እያዳመጠች ዓይኗ ይከደናል፣ ሲስተር ስትጠይቃት ግን ትመልሳለች። ከሥራ በኋላ መማር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግራሶ በነካው እጅ መጽሐፍ ገልጬ፣ ከገጹ ይልቅ እንቅልፉ ሲያሸንፈኝ ያደርኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ልዩነቱ እኔ አስተማሪ አልነበረኝም፤ ስለዚህ የኔ ይበልጣል።

የሚማሩትን እኔም ከአልጋው ራስጌ ሆኜ ተማርኩ። የሰው ንቃት በነጥብ ይለካል። ዓይኑን ለመግለጥ ነጥብ አለው፣ ለመናገር ነጥብ አለው፣ ለመንቀሳቀስ ነጥብ አለው፤ ሙሉው አሥራ አምስት ነው። የቀኙ አንጎል ግራውን አካል ያዛል፣ የግራው ቀኙን። ይህን ሲስተር ስትናገር ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ይህ የመስመር ዝርጋታ ስህተት ነው» አልኩ። «የቀኝ ፍሬቻ መስመር ከቀኝ ነው የሚነሣው። ማን ነው እንዲህ አጠላልፎ የዘረጋው?»

«እግዜር ነው አባባ።»

«እሱ ከሆነማ ምክንያት ይኖረዋል። እኔ ብሆን ግን...»

«አባባ» አለች፣ «ይህ መኪና ቢሆን ኖሮ እርስዎን ነበር የምጠራው። አሁን ይቀመጡልኝ።»

ነርሶቹ ሳቁ። እኔም ተቀመጥኩ።

አሁን የማልወደውን ልጻፍ። ከባለቤቴ አልጋ በላይ ካርድ ተሰቅሏል፤ «በአፍ ምንም አይሰጥ» ይላል። ስትሮክ የመታው ሰው ጉሮሮው ሊሰንፍ ይችላል፣ የዋጠው ወደ ሳንባው ይገባል፤ ስለዚህ ነርስ በማንኪያ ውኃ እየሰጠች መዋጡን ሳትፈትን ጠብታም አይቀመስም። ፈተናው ለከሰዓት በኋላ ተቀጥሮላት ነበር። እኔ ግን ከንፈሯ ደርቆ አየሁ፤ ዓይኗ የጎረቤት አልጋ አስታማሚ የያዘችውን የአጥሚት ፔርሙስ ሲከተል አየሁ። ስለ ቧንቧ ደግሞ እኔ አላውቅም? ቀና አድርጌ ከአጥሚቱ ሁለት ማንኪያ ሰጠኋት። በሁለተኛው ፊቷ ጠቆረ፤ ሳሉ ወጥቶ አልወጣ አለ።

ሲስተር ከኮሪደሩ ሮጣ ገባች። በጎኗ አስተኛቻት፤ ረጅሙ ነርስ መምጠጫ ማሽኑን አስነሣ፤ አጥሚቱን ከጉሮሮዋ አወጡት። ትንፋሿ ሲመለስ ሲስተር ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ ካርዱን ማንበብ አይችሉም?»

በዕድሜዬ ብዙ ተሰድቤአለሁ፤ እንደዚህ የገባብኝ የለም። ፊደልን አንድ በአንድ የለቀምኩ ሰው! ማንበቤን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ገባኝ፤ አንብቤው ነበር፤ አላመንኩትም እንጂ። ማንበብ አለመቻል ከዚህ የተሻለ ሰበብ ነበር።

በዚያ ምክንያት ፈተናው ቀረ። ትኩሳት ያዛት፣ መድኃኒት ተጀመረላት፣ ምግብ የምታገኝበት ቱቦ በአፍንጫዋ ገባ። ሲስተር ንዴቷ ሲበርድ አጠገቤ ተቀምጣ በዝግታ አስረዳችኝ፤ ቱቦው የሚወጣው ትኩሳቱ ሲጠፋና እማማ በደንብ ነቅተው፣ አእምሯቸው ተሰብስቦ፣ የሚታዘዙትን መፈጸም ሲችሉ ነው። ያኔ የመዋጥ ፈተናው ይደገማል። ግራ የተጋባ ሰው በማንኪያ አይፈተንም።

ትኩሳቱ በአራተኛው ቀን ለቀቃት። የቀረው አእምሮዋ ነበር። በየፈረቃው አንድ ነርስ ይመጣል፣ ሲስተር ከአዲስ አበባ ካመጣችው ወረቀት ላይ አራት ጥያቄ ይጠይቃታል፣ ይጽፋል፣ ይሄዳል። የሚጽፈው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ግራ ተጋብታለች»። አሥራ አራት። ሁልጊዜ አሥራ አራት። አንዲት ነጥብ ጎደለች፣ ቱቦውም በዚያች ነጥብ የተነሣ አፍንጫዋ ውስጥ ቀረ።

«አእምሯቸው እንደ በፊቱ ላይሆን ይችላል» አለችኝ ሲስተር። «እንዲያውቁት ብዬ ነው አባባ።»

ሌሊቱ በምን እንዳለፈ አልጽፍም። አጥሚቱን የሰጠው ይህ እጄ ነው።

በማግስቱ የሥልጠናው ቀን ነበር። ሲስተር ስድስቱን ተማሪዎቿን ከበር ውጭ አቆመችና ተራ በተራ እንዲገቡ፣ እያንዳንዱ ብቻውን ባለቤቴን መርምሮ ነጥብ እንዲሰጥ አዘዘች። አንዱ የሌላውን እንዳያይ። አንድ በሽተኛ በስድስት ሰው እጅ ስድስት ዓይነት ነጥብ ካገኘ ሥልጠናው አልሠራም ማለት ነው። ይህ ጥሩ ዘዴ ነው፤ እኔም የባትሪ መለኪያዬን በሌላ መለኪያ ነበር የማረጋግጠው። እኔን ጥግ አስቀመጠችኝና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ዝም አልኩ። ይህ ለኔ ቀላል ሥራ አይደለም።

መጀመሪያ የገባው ረጅሙ ወጣት ነበር።

«እማማ፣ ስምዎ ማን ነው?»

ቀስ ብላ፣ በተጣመመ አፏ ተናገረች። ልክ ነው።

«አሁን የት ነው ያሉት?»

«ወልድያ። ሐኪም ቤት።»

«ዘመኑ ስንት ነው?»

«ማርቆስ።»

«ማርቆስ ማን ነው እማማ? ልጅዎ ነው?»

ባለቤቴ በመልካሙ ዓይኗ በንቀት አየችው። ከበሩ በኩል ሲስተር «ዘመነ ማርቆስ ማለታቸው ነው፣ አንተ ያልተጠመቅክ!» ብላ ጮኸች። «ቀጥል!»

«እሺ። የባለቤትዎ ስም ማን ነው?»

ጠበቀ። ደግሞ ጠየቃት፣ ወደ እኔ እያመለከተ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጁ ጻፈ፤ አቀርቅሮ ወጣ።

ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሦስተኛዋም። አንዷ እጇን ይዛ ለመነቻት፣ «እማማዬ፣ እንዴት ይጠፋዎታል፣ ቀንም ሌትም አጠገብዎ የሚቀመጡትን?» ባለቤቴ ዓይኗን ጨፈነች። በስድስተኛው ጊዜ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። ስድስቱም ወረቀት ተሰብስቦ ሲታይ በሁሉም ላይ አሥራ አራት ተጽፏል። ሲስተር ነርሶቿ በመስማማታቸው ልትደሰት ይገባት ነበር። ወረቀቶቹን አስተካክላ ያዘችና ወደ እኔ ሳታይ «ጎበዞች» አለች።

ረጅሙ ወጣት ግን አልሄደም። ሥልጠናው በሽተኛው በጤናው ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ቤተሰቡን መጠየቅንም ይጨምራል፤ ያንን ወረቀት ይዞ አጠገቤ በርጩማ ሳበ። ምን ትወድ እንደነበር፣ ቁጡ ናት ወይ፣ ቀኝ እጇን ነው ወይ የምትጠቀመው፤ ሁሉንም መለስኩ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ሳልመልስ አልቀረሁም። ከዚያ፣

«ቤት ውስጥ እማማ እርስዎን ምን ብለው ነው የሚጠሩዎት?» አለኝ።

ልመልስለት ስል ነገሩ ሁሉ በራልኝ።

አርባ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል። አንድም ቀን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። በኛ ዘመን በኛ ገጠር ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፤ በሰው ፊትማ ትልቅ ነውር ነው። የሰርጋችን ዕለት እናቷ ያስጠነቀቀቻት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። እኔን ስትጠራ «ስማ» ወይም «አንተ ሰው» ነው። ደንበኛ መጥቶ ቢጠይቅ «ሰውዬው ወጥቷል» ነበር የምትለው፤ ስሜ ሰውዬው የመሰላቸው ሾፌሮች ነበሩ። ቀበሌ ስትሄድ እንኳ አብሬያት እሄዳለሁ፤ የባል ስም የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ የምናገረው እኔ ነኝ። እነዚህ ስድስት ልጆች አንዲትን ጨዋ ሴት በእንግዳ ሰው ፊት ስድስት ጊዜ «ነውር ሥሪ» ብለዋት፣ ስድስት ጊዜ እምቢ አለች።

ተነሣሁ። «ሲስተር!» ብዬ ጮህኩ፤ ከሷ የማያንስ ድምፅ አለኝ። «መለኪያሽ ነው የተበላሸው! ሴትዮዋ ደህና ናት!»

ነገርኳት። ሲስተር ግንባሯን በመዳፏ መታች።

«እኔን! የኔ እናት እኮ አባቴን በስሙ ጠርታው አታውቅም! ‹የልጆቹ አባት› ነው የምትለው። ግራና ተወልጄ፣ ግራና አድጌ፣ ወረቀቱ አሳወረኝ።» ወደ ነርሶቹ ዞረች። «ሰባታችንም እኩል ተስማምተን እኩል ተሳሳትን። ይህን ጻፉት፤ የዛሬው ትምህርት ይህ ነው።»

ከዚያ ወደ አልጋው ሄዳ፣ በባለቤቴ ፊት በኩል ዝቅ ብላ፣ ድምጿን አለስልሳ ጠየቀች።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ስማቸውን አይንገሩኝ። እዚያ የቆመው ሰውዬ ምንዎ ነው?»

ባለቤቴ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። እኔን ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። በመልካሙ ጎን ከንፈሯ ወደ ላይ ወጣ።

«ጉረኛው ነዋ» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። የጎረቤት አልጋ በሽተኛ ሳይቀር ሳቀ። ረጅሙ ወጣት እስክሪብቶ አወጣና አሥራ አራቱን ሰርዞ አሥራ አምስት ጻፈ፤ ከጎኑም የሆነ ነገር ጨመረ፤ ምን እንደሆነ አላሳየኝም። እኔ ዓይኔን በጋቢዬ ጠረግኩ። በሕይወቴ ብዙ የሙገሳ ስም ተሰጥቶኛል፤ እንደዚህ ልክ የሆነልኝ የለም።

የመዋጥ ፈተናው በዚያው ከሰዓት በኋላ ተደረገ። ሲስተር ልጆቹን አሰለፈች፤ ባለቤቴን ቀጥ አድርጋ አስቀመጠች፤ በሻይ ማንኪያ ውኃ ሰጠቻት። ሁለት ጣቷን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ መዋጧን ጠበቀች። «አአ በሉ እማማ።» ድምጿ ጥርት ያለ ነው። ሁለተኛ ማንኪያ። ሦስተኛ። እኔ ትንፋሼን ይዤ ከእያንዳንዱ ማንኪያ ጋር እውጥ ነበር። ከዚያ ግማሽ ብርጭቆ። አላሳላትም። በማግስቱ ጠዋት ቱቦው ወጣ፤ መጀመሪያ የጠየቀችውም አጥሚት ነበር። የሰጣት ረጅሙ ነርስ ነው፤ እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜ አየሁ።

ሲስተር ያቺን ጥያቄ ከወረቀቱ ሰርዛ፣ «ይህ ሰው ምንዎ ነው?» የሚል ጻፈችበት፤ ለአስተማሪዎቿም አሳወቀች። ምን እንደመለሱላት አላውቅም። ለቀጣዩ ዙር ሠልጣኞች ስለ አስታማሚ እንድናገር ጠራችኝ። «አሥር ደቂቃ ብቻ አባባ» ብላኝ ነበር። አሥር ደቂቃ ምን ያደርጋል? ገና ስለ ሞተሪኖ እየነገርኳቸው አለቀ። ቢሆንም የአጥሚቱን ነገር ሳልደብቅ ነግሬአቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም፤ አንዲት ልጅ ደብተሯ ላይ ስትጽፍ አየሁ።

እንግዲህ በዚህ ነገር ውስጥ ያደረግኩትን ልቁጠር፤ ሌላ ሰው አይቆጥርልኝም።

አንደኛ፣ የስትሮክን ምልክት ከጎረቤት ሁሉ ቀድሜ ለይቻለሁ። ግማሽ ሰዓቷን ሳልጨምር።

ሁለተኛ፣ ስድስት የተማሩ ነርሶችና አንዲት አስተማሪ ያላዩትን ስህተት አግኝቻለሁ። ጥያቄውን ያነሣው ረጅሙ ልጅ ነው፤ መልሱ ግን የኔ ነው።

ሦስተኛ፣ ያው ልጅ የምስክር ወረቀቱን ከተቀበለ በኋላም ወደ ሥልጠናው መምጣቱን አላቆመም። ይህን ከኔ ነው የተማረው እላለሁ፤ ሲስተር አልተስማማችም።

አራተኛ፣ መርሳ ውስጥ በሁለት ዕድር ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ አፉ የተጣመመና አንድ ጎኑ የሰነፈ ሰው ዳማከሴ ሳይፈለግለት ወዲያው መኪና እንዲፈለግለት አስተምሬአለሁ። በሁለተኛው ስብሰባ ላይ «ይበቃል ኢንጂነር» ብለውኛል፤ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

አምስተኛ፣ የባለቤቴን ግራ እጅ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሲስተር እንዳሳየችኝ፣ ከጣት እስከ ትከሻ አንቀሳቅሳለሁ። አንድም ቀን አላጎደልኩም። አሁን የነጠላዋን ጫፍ ትይዛለች።

ስድስተኛ፣ ባለፈው እሑድ ከቤታችን በር እስከ አስፋልቱ በእግሯ ሄዳለች። ከኋላዋ መቀነቷን በሁለት ጣት ይዤ ነበር። መያዜን አልነገርኳትም።